ውሃ ወደሚለካበት ቤት፦ ከቦኹም

በጀርመን ካለችው የቦኹም ከተማ ዋና ባቡር ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚወስደው ዩ35 ባቡር መጀመሪያ ከመሬት በታች ይሄዳል። ወደ ላይ ከወጣ በኋላ የሩር ዩኒቨርሲቲ ግራጫ የኮንክሪት ሕንጻዎች ተሰልፈው ይታያሉ። አገሩ የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ውሃ ለማየት ነው፤ ፕሮቲን ሥራ ላይ ሳለ ዙሪያውን የከበበው ውሃ ምን እንደሚሆን እዚህ ይለካል።

በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ኢንዛይሙ፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ አለ፣ የሚቆርጠው ሞለኪውል አለ፤ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። በሕያው ሴል ውስጥ ያ ነጭ ቦታ ውሃ ነው። ይህን መዝለላችን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ዜሞስ በሚባለው የምርምር ሕንጻ ያየሁት መሣሪያ የሚሠራው በቴራኸርዝ ጨረር ነው። አንድ ቴራኸርዝ በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ርግብግቢት ማለት ነው። የውሃ ሞለኪውሎችን የሚያያይዘው የሃይድሮጅን ትስስርም የሚላቀቀውና መልሶ የሚገጥመው በፒኮሰከንዶች (አንዱ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው) ውስጥ ስለሆነ፣ የውሃው እንቅስቃሴ ሲለወጥ የሚዋጠው የጨረር መጠንም ይለወጣል። ችግሩ ውሃ ይህን ጨረር አብዝቶ መዋጡ ነው፤ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ውሃ እንኳ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ናሙናው እጅግ ስስ ይደረጋል። የአየሩ እርጥበትም ስለሚያውክ ጨረሩ የሚያልፍበት ሳጥን በደረቅ ጋዝ ይሞላል። ፕሮቲኑን የከበበውን ውሃ ለማየት በአየሩ ያለው ውሃ መባረር አለበት፤ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሜ በዚህ ነገር ብዙ ተደነቅሁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህ ዩኒቨርሲቲዋ ማርቲና ሃቬኒትና በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ኢሪት ሳጊ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። የመረጡት ኢንዛይም ከሴል ውጭ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚቆርጥ፣ በመቁረጫ ስፍራው ዚንክ የያዘ ነው። እንዳገኙት፣ ከኢንዛይሙ የራቀው ውሃ ፈጣን ነው፤ ወደ ዚንኩ በቀረበ ቁጥር ይዘገያል። የሚቆረጠው ሞለኪውል መጥቶ ሲያያዝ ደግሞ ይህ አሠላለፍ ይለወጣል። እኔ እንደሚገባኝ ለመድኃኒት ቀማሚዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከኢንዛይም ጋር የሚገጥም ሞለኪውል የሚነድፍ ሰው ከቅርጹ ሌላ በስፍራው የሚጠብቀውንም ውሃ ማሰብ አለበት።

ላስጎበኘኝ ወጣት ተመራማሪ፣ የዘገየው ውሃ ዚንኩ አጠገብ ያለው መሆኑ በምን ይታወቃል አልኩት። ጨረሩ ብቻውን አይነግረንም አለኝ፤ ምልክቱ በናሙናው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ድምር ነው። የትኛው ውሃ የት እንዳለ የሚለየው በኮምፒውተር በሚሠራ የሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስሌት ነው። ለካዎቹና አስሊዎቹ በአንድ ሕንጻ እንዲሠሩ የተደረገውም ለዚሁ ነው።