እማዬ ከቡኙዌል ጋር ያመሸችበት ቅዳሜ

ከወንድሜ ጋር ትናንት ማታም ተከራከርን። ከስፔናዊው የፊልም ዳይሬክተር ከሉዊስ ቡኙዌል ፊልሞች የቱ ይበልጣል የሚለው ጭቅጭቅ በእኛ ቤት አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ «የተረሱት» ይላል፤ እኔ «ቀሳፊው መልአክ» እላለሁ፤ ሁለታችንም አንረታም። ትናንት ግን እማዬ ገባችበት። የተናገረችው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ሳይጠፋኝ ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ነገር እንስማማለን። ሱሪያሊዝም (ሕልም መሰሉ የጥበብ ስልት) ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠራው «አንዳሉሲያዊው ውሻ» ከፊልሞቹ የሚበልጠው አይደለም። ቡኙዌልና ሠዓሊው ዳሊ በ1929 ያንን ፊልም ሲጽፉ ምክንያት ሊገኝለት የሚችል ምስል ሁሉ ይጣል ብለው ተስማምተው ነበር። ዓይን በምላጭ ሲሰነጠቅ የሚታየው የሞተ ጥጃ ዓይን መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ነገር ግን ፊልሙ የወጣት ሥራ ነው፤ ለማስደንገጥ የተነሳ ሰው እጅ ይታይበታል። እኔ የምወደው ዕድሜው ገፍቶ ድምፁን ዝቅ ያደረገውን ቡኙዌል ነው፤ ጉዱን እንደ ተራ ነገር አምጥቶ መሶቡ አጠገብ የሚያስቀምጠውን።

ወንድሜ ስለ «የተረሱት» ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። በ1950 በሜክሲኮ ሲቲ የድሆች ሰፈር ስላሉ ልጆች የተሠራ ፊልም ነው። አገሬውን አሰደበ ተብሎ ብዙ ቁጣ ወረደበት። በዓመቱ በፈረንሳዩ የፊልም ፌስቲቫል ካን ላይ በምርጥ ዳይሬክተርነት ሲሸለም ነው ነገሩ የተለወጠው፤ ገጣሚው ኦክታቪዮ ፓዝ ስለ ፊልሙ የጻፈውን ጽሑፍ እዚያው ካን ላይ በእጁ ያድል ነበር። ፊልሙ ውስጥ ፔድሮ የሚባል ልጅ አለ። እናቱ ምግብ ከልክላዋለች። ሌሊት በሕልሙ ነጭ የሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው በቀስታ ትመጣለች። «ያን ዕለት ሥጋ ለምን አልሰጠሽኝም?» ይላታል። ዞር ትልና ጥሬ ሥጋ በሁለት እጇ ይዛ ትቀርበዋለች፤ የተዝረከረከ፣ የሚንጠለጠል ሥጋ። ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ከአልጋው ሥር የሌላ ልጅ እጅ ወጥቶ ይነጥቀዋል። ወንድሜ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆመውና፣ «የተራበ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ያልማል? ይኼ እውነት ነው እንጂ ቅዠት አይደለም» ይላል። መልስ የለኝም፤ ልክ ነው።

እኔ ደግሞ በ1962ቱ «ቀሳፊው መልአክ» እሟገተዋለሁ። ከኦፔራ የተመለሱ ባለጸጎች አንድ ትልቅ ቤት ራት ይበላሉ። ከዚያ ከሳሎኑ መውጣት ያቅታቸዋል። በሩ ክፍት ነው፤ የሚይዛቸው የለም፤ ብቻ መውጣት አይችሉም። ቀናት ያልፋሉ፤ ግድግዳ ሰብረው ከቧንቧ ውኃ ይጠጣሉ፣ ቤት ውስጥ የገባ በግ አርደው ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ፊልሙ አንድም ቦታ አይነግረንም። መጀመሪያ ላይ እንግዶቹ ወደ ቤቱ ሲገቡ የሚያሳየው ትዕይንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ካሜራማኑ ጋብሪኤል ፊጌሮዋ ይህን ባየ ጊዜ ስህተት መስሎት ሊነግረው እንደሮጠ ቡኙዌል ራሱ ጽፎታል። እኔ ይህን ፊልም ባየሁ ቁጥር የእኛ ቤት በር ትዝ ይለኛል። እንግዳ «በሉ እንግዲህ እንሂድ» ብሎ ይነሳል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ደጃፍ ላይ ደርሶ አንድ ሰዓት ይቆማል። ልጅ ሆኜ የእማዬን ቀሚስ ይዤ እዚያ በር ላይ ስቆም፣ ሁሉም ሂያጅ ሆኖ ማንም የማይሄድበት ምክንያት ምንድን ነው እያልኩ እጨነቅ ነበር። ያንን ስሜት ሌላ ፊልም ላይ አላገኘሁትም።

ትናንት በዚህ ስንጨቃጨቅ እማዬ ጥጧን እየፈተለች ታዳምጠናለች። ወንድሜ መሀል ላይ «የበረሃው ስምዖን»ን አነሳ። ቆጥረን የማናውቀው ፊልም ነው፤ ገንዘብ አልቆ በአርባ አምስት ደቂቃ ተቋጭቶ የቀረ የ1965 ሥራ። እማዬ ቀና አለች። «የትኛው ስምዖን? ስምዖን ዘዓምድ?»

አዎ፣ እሱ ነው አልኳት። ስንክሳሩ ላይ ሲነበብ ስትሰማው ኖራለች፤ በሶርያ ምድር ዓምድ ላይ ቆሞ የኖረው ጻድቅ። «እስቲ አሳዩኝ» አለች። ወንድሜ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ቡኙዌል በእግዚአብሔር አላምንም ያለ ሰው ነው፤ ፊልሙ ውስጥም እናት ፊት የማይታይ ነገር አለ። እኔ ሪሞቱን ይዤ እያሳለፍኩ፣ ከሥር የሚጻፈውን እያነበብኩ እየተረጎምኩላት አየነው።

የፈራነው አልደረሰም። እማዬ ታሪኩን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። ስምዖን ስድስት ዓመት ከስድስት ሳምንት ከስድስት ቀን ቆሞ፣ አንድ ባለጸጋ ወደሠራለት ረዘም ያለ ዓምድ ሲዛወር «አባታችን ተክለ ሃይማኖትም ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመዋል» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሰይጣን ጺም አውጥቶ፣ በግ ታቅፎ፣ መልካሙን እረኛ መስሎ ሲመጣ ከስምዖን ቀድማ ለየችው። ከዚያ በሌብነት እጆቹ የተቆረጡበት ሰው መጣ። ስምዖን ጸለየለት፤ እጆቹ ተመለሱለት። የቆመው ሕዝብ ብዙም ሳይደነቅ ወደየጉዳዩ ተበተነ። ሰውዬው በአዲሱ እጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጥያቄ የጠየቀችውን የገዛ ልጁን መምታት ነበር።

እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠች። «በዳነ እጁ!» አለች። ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ «በዳነ እጁ።»

ያንን ትዕይንት ከአምስት ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ቡኙዌል በልጅነቱ ስፔን ውስጥ ሳራጎሳ ላይ የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት) ተማሪ እንደነበረ፣ የቅዱሳኑን ገድል ማድሪድ አብሮት ይማር የነበረው ገጣሚው ሎርካ እንዲያነብ እንደሰጠው ለሰው አስረድቻለሁ። እማዬ በሁለት ቃል ያለችውን ግን ብዬው አላውቅም።

የስምዖን እናት ዓምዱ ሥር ጎጆ ቀልሳ ትኖራለች። ልታቅፈው ስትመጣ ፍቅርሽ በእኔና በጌታዬ መካከል አይግባ ብሎ ይመልሳታል። ቆየት ብሎ ስምዖን በሐሳቡ ወርዶ ከእናቱ ጋር መሬት ላይ ሲሮጥ፣ ጭኗ ላይ ራሱን ሲያሳርፍ ይታያል። ካሜራው ሲመለስ አሁንም ዓምዱ ላይ ነው። እማዬ ይህን ጊዜ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ወንድሜ ድምፁን ቀነሰ። ወዲያው የጸሎት ሰዓቴ ነው ብላ ገባች፤ በፊልሙ ሴት ሆና የምትታየው ሰይጣን ስምዖንን ኒውዮርክ ጭፈራ ቤት ወስዳ የምታስቀምጥበትን መጨረሻ አላየችም።

ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ መከራከር አልቻልንም። እሱ ስለ «የተረሱት» መጨረሻ ብቻ አወራ። የፔድሮን ሬሳ አህያ ላይ ጭነው ቆሻሻ መጣያ ሊጥሉት ሲወስዱ፣ እናቱ ልጇን ልትፈልግ ወጥታ መንገድ ላይ ታልፋቸዋለች፤ የጫኑት ልጇ መሆኑን አታውቅም። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ሕልሙ ሲነግረኝ ይህን አንድ ጊዜም አላነሳልኝም ነበር። እኔም የእንግዶቼን ሳሎን ተውኩት። «ቀሳፊው መልአክ» ውስጥ የሚገርመኝ ብዙ ነው፤ የሚያመኝ ግን ትንሽ ነው፤ ይህን ትናንት ነው ያየሁት። ለጊዜው የእኔ አንደኛ ያልተጨረሰው፣ ገንዘብ ያለቀበት ስምዖን ነው።

ዛሬ እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠራችኝ።

«ስሚማ፣ ያቺ እናቱ ምን ሆነች?»

ፊልሙ ጭፈራ ቤቱ ውስጥ ነው የሚያልቀው አልኳት።

«እሺ እሷስ?» አለችኝ፤ እዚያው በሩ ላይ ቆማ መልሴን ጠበቀች።