ላስቲክ አይጠብቅም

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከሐረማያና ከአወዳይ የሚመጡ፣ ጫትና አትክልት በጉድጓድ ውሃ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ መደርደሪያው ሲሳሳ ቻይና አዝዤ፣ ባንክ ምንዛሪ ከፈቀደልኝ በሁለት ወር ተኩል ዕቃው በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ ይገባ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ያዘዝኩት ኩሽኔታ፣ ማለትም የፓምፑ ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በሰባተኛ ወሩ ደረሰ። ሳጥኔ ባዶ ሳለ አንድ የሐረማያ ሽማግሌ ያለቀ ኩሽኔታ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። “ልጄ፣ ይህቺ ብቻ ናት ያስቆመችኝ” አሉ። የለኝም ብዬ ልሸኛቸው ከበደኝና ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው። ባለሙያው ኩሽኔታ መሥራት እንደማይችል በግልጽ ነገረን፤ በምትኩ በኩሽኔታው ቦታ የሚገባ የነሐስ ቀለበት (ቡሽ) ቀርጾ ሰጣቸው። ግራሶ እንዳይለየው አስጠነቀቃቸው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን በኋላ፣ በፍርሃት ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የዓለም አማካይ የማጓጓዣ ዋጋ ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ ከወረርሽኙ በፊት 2,000 እንኳ አይሞላም ነበር። እኔ ደግሞ “ነገ ይብሳል” ብዬ ልክ በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ዕቃ በአንድ ጊዜ አዘዝኩ። ዋጋው ወረደ፤ ዕቃዬ ተቀመጠ። ብረቱስ ችሎ ቆየ። ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን የላስቲክ ቀለበት፣ “ሲል” የምንለውን፣ ግን የድሬዳዋ ሙቀት አደረቀው፤ በጣቴ ሳጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበር ነበር። ግማሹን ጣልኩ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ የተረፈው ብረት ኪሳራዬን ሸፈነልኝ። አርቆ አሳቢ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ሲሉን የጣልኩበትን ቀን አልረሳም።

አሁን ብረት ለስምንት ወር፣ ላስቲክ ለሦስት ወር የሚበቃ ብቻ እይዛለሁ። መርከቡ ቢፈጥንም ወደ ድሮው አልተመለስኩም፤ ገንዘቤ መደርደሪያ ላይ መታሰሩ ያናድደኛል፣ እንቅልፍ ግን እተኛለሁ።

ሽማግሌው ባለፈው ሰሞን ብቅ ብለው ነበር። “አባ፣ ኩሽኔታው መጥቷል” ብዬ አወጣሁላቸው። አገላብጠው አዩት፣ ዋጋውን ጠየቁ፣ መልሰው አስቀመጡት።

“ያቺ ነሐስ መቼ አለቀችና!” አሉና ግራሶ ብቻ ገዝተው ሄዱ።