የመጀመሪያ ባለ ሳይድካር ሞተሬ፦ ከመፈለግ እስከ መልመድ ያለው አራት ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባለ ሳይድካር ሞተር (ጎኑ ላይ የራሱ ጎማ ያለው የሰው መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል) በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብፈልግ ብፈልግ ስላጣሁ፣ ከመፈለግ ጀምሮ እስካሁን የደረስኩበትን እኔው ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ለመግዛት ያሰበ ካለ እኔ ያወጣሁትን ብርና ጊዜ እንዳያወጣ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሁለት ኪሎሜትር ተኩል ገባ ብሎ። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሳይድካርን እንዳስብ ያደረገኝ የእማዬ ነገር ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሞተር ላይ እግሯን አንስታ መቀመጥ አትችልም፣ ባጃጁ ደሞ ክረምት ላይ ሰፈራችን ጭቃ ስለሚሆን አይገባም፣ ከገባም በኮንትራት ነው። ሐኪም ቀጠሮ ባላት ቀን ጠዋት ዣንጥላ ይዛ እስከ አስፋልት በእግሯ ስትወርድ ማየት አልቻልኩም፣ በቃ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ያለ ፈቃድ መንዳት ስለተከለከለ፣ እኔ ያሰብኩት እዚሁ ሱሉልታና ወደ ጫንጮ መስመር ለመንቀሳቀስ ብቻ ነው። እንጦጦን አልፎ ከተማ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ከመግዛቱ በፊት ፈቃዱን ይጨርስ።

መጀመሪያ ልቤ ያረፈው ኡራል ላይ ነበር። ለማታውቁት የራሺያ ሞተር ነው፣ ዘሩ ከጀርመኑ ቢኤምደብልዩ አር 71 ነው የሚመዘዘው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ኤም 72 ብለው ማምረት ጀመሩ፣ ጦርነቱ ወደ ሞስኮ ሲጠጋ ፋብሪካውን ነቅለው ኢርቢት ወደምትባል ከተማ ወሰዱት። ከሌላው የሚለየው ከመነሻው ሳይድካር እንዲጎትት ሆኖ መሰራቱ ነው፣ ሻንሲው ወፍራም ነው፣ ካቴና የለውም በዘንግ ነው የሚሽከረከረው፣ አንዳንዱ ሞዴል የሳይድካሩን ጎማ ጭምር ይነዳል። እኔ ያየሁት ባለ 650 ሲሲ ነበር፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ፣ ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሸራውን ገልጠው ካሳዩኝ በኋላ ታንከሩን እየዳበሱ «ልጄ፣ ልሸጥልህ እችላለሁ፣ ግን ፒስተን ፍለጋ ሶስት ዓመት ነው የቆመው» አሉኝ። እንዲህ የሚነግር ሻጭ ስንት አለ? አመስግኜ ወጣሁ። ሞተሩ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፣ ግን እማዬን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ነገር መለዋወጫው ሱቅ ሄደህ የምታገኘው መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሕንዱን ሞተር ባጃጅ ቦክሰር 150 ገዝቼ ሳይድካር ላስበይድበት አሰብኩ። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ የማይነካካው መካኒክ የለም። ግን ጉልበቱ 12 ፈረስ አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ደሞ ከባህር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ሩብ ያህሉ ጉልበት እዚህ ይጎድላል። በቀረው ላይ እኔን፣ እማዬንና የሳይድካሩን ብረት ስትጭኑበት ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለብቻው ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ ነበር የምገዛው።

በመጨረሻ ጫንጮ ላይ አንድ 200 ሲሲ የቻይና ሞተር ሳይድካሩ የተበየደበት አገኘሁ። ደላላው የሚያወራው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው፣ ድምጹን ስማው፣ ጭስ የለውም፣ ዘይት አይበላም፣ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ የማውቀው ያንኑ ስለሆነ አብሬው ሞተሩ ላይ አጎንብሼ ቀረሁ። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፣ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከራሱ ጋር አመሳከርኩ፣ ሳይድካሩ ሊብሬው ላይ መስፈሩንም አየሁ (ይሄን እንዳትረሱ፣ ካልተጻፈ ቦሎ ላይ ችግር ነው)። 15 ሺህ ብር ቀነሰልኝ፣ ውክልና ይበቃል ሲሉኝ እምቢ ብዬ ስሙን አዞርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጫንጮ ሱሉልታ ስገባ ክንዴ ዛለ። መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ስመልሰው ይስባል፣ ስመልሰው ይስባል። ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ነዳሁት፣ ሳይድካሩ ያለው በቀኝ በኩል ስለሆነ ጋዝ ስትሰጡ ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ግራ መሳቡ ያለ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ሳይድካሩ ወደኋላ ይቀራል፣ ሞተሩ ሲቆም ሳይድካሩ ልሂድ ይላል። ግን የኔው ጋዝ ሳልሰጠውም ይስባል።

የሰፈራችን መካኒክ ጋሼ ሞተሩን ሳይነካ በርከክ ብሎ የሳይድካሩን ጎማ በእጁ ዳሰሰው። «እስቲ እጅህን አምጣ» አለኝ። ከውስጥ ወደ ውጪ ስዳብሰው ለስላሳ ነው፣ ከውጪ ወደ ውስጥ ስመልሰው ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ይይዛል። ጎማው እየተሽከረከረ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን እየተጎተተ ነው የሄደው ማለት ነው። ከዛ ሁለት ቀጥ ያለ ቱቦላሬ አመጣ፣ አንዱን ሞተሩ ሁለት ጎማዎች ጎን፣ ሌላውን ሳይድካሩ ጎማ ጎን መሬት ላይ አጋደመ፣ በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት ከፊት ለፊት ለካ፣ ከኋላ ለካ። ፊቱ ከኋላው በሶስት ሳንቲሜትር ይሰፋል። ሳይድካሩ ወደ ቀኝ ዞሮ ልሂድ እያለ እኔ በክንዴ ነበር የምይዘው! መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፣ ፊቱ ከኋላው በአንድ ወይ በሁለት ሳንቲሜትር መጥበብ አለበት።

ይሄን ለመግዛት ስሄድ ባውቀው ኖሮ በሁለት እንጨትና በሜትር አስር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ለዛ ነው የምለምናችሁ፣ ባለ ሳይድካር ስትገዙ ሞተሩን በመጨረሻ እዩት፣ መጀመሪያ ሳይድካሩ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበትን መጋጠሚያ። ሞተር ቢበላሽ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተገዝቶ ይገባል፣ መጋጠሚያው ከተሳሳተ ግን ጎማ ይበላል፣ ሻንሲ ይሰነጥቃል፣ ሰው ይጥላል። አራት ቦታ መያዝ አለበት፣ ሁለት ከታች ሁለት ከላይ። የኔው ሶስት ብቻ ነበረው፣ የፊቱ የላይኛው አልነበረም፣ የታችኛው ደሞ ሻንሲው ላይ በቀጥታ ተበይዶ ብየዳው ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሮት ነበር፣ ቀለም ተቀብቶበት። በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት።

ጋሼ ስንጥቁን ሞርዶ በየደው፣ ሻንሲውን አቅፎ በቡሎን የሚጠብቅ ማቀፊያ ሰራ፣ አራተኛውን ጨመረ። የሳይድካሩ ጎማ ከሞተሩ የኋላ ጎማ 20 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ፊት እንዲቀድም አደረገው፣ ሞተሩን ደሞ ትንሽ ወደ ግራ አጋደለው፣ እኔን አስቀምጦ ነው የለካው፣ ባዶውን ከተለካ ሰው ሲወጣበት ይቀየራልና። ስነዳው ሌላ ሞተር ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከዛ መልመድ መጣ። ስምንት ዓመት የነዳሁት እዚህ ላይ ረድቶኛል ብል ውሸት ነው፣ ሞተር ስትነዱ አጋድላችሁ ነው የምትታጠፉት፣ ይሄ አይጋደልም፣ መሪውን በጉልበት ማዞር ነው። የግጦሽ ሜዳ ላይ ሶስት ቅዳሜ ብቻዬን ተለማመድኩ፣ ማዳበሪያ ውስጥ 50 ኪሎ አሸዋ ሞልቼ ሳይድካሩ ውስጥ አስሬ። ባዶውን ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሳይድካሩ ከመሬት ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ያለ አሸዋ ሞክሬው ጎማው አየር ላይ ሲሽከረከር አየሁት፣ ልቤ ቆመ። ሲነሳ ፍሬን ጨምድዶ መያዝ አይደለም፣ መሪውን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ይመለሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ታጥፋችሁ ስትወጡ ትንሽ ጋዝ። ስትቆሙ ደሞ ቀኝ እግራችሁን እንዳታወርዱ፣ ልማድ ሆኖ ይወርዳል፣ ማያያዣው ብረት ቁርጭምጭሚት ይዞ ነው የሚሄደው።

የካርብሬተሩን በአጭሩ ልለፈው። ካንዴላው በሳምንቱ ጥላሸት ይለብስ ነበር፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሿን ባለ ቀዳዳ ፍሬ አንድ ቁጥር በምታንስ ቀየርናት፣ ካንዴላው አሁን ቡናማ ነው። የኋላውን የካቴና ጥርስ በትልቅ ስለቀየርነውም ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ይበቃዋል፣ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግድ የለም።

እማዬ የወጣችበት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ሄልሜት ሻሿ ላይ አልገባ ብሎ በስንት ልመና ሻሿን ፈታ ጠባብ አድርጋ አሰረች። ነጠላዋን ግን ልብ በሉ፣ የሳይድካሩ ጎማ ክንዷ አጠገብ ነው የሚሽከረከረው፣ ጫፉ ከተንጠለጠለ ራጂ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ ጠቅልለን ከስሯ አስቀመጥነው፣ ጎማው ላይ ደሞ ትልቅ ፓራፋንጎ በላሜራ አሰራሁለት። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ «አሁን ፍጥን በል እንጂ» አለችኝ። ወደ ቀኝ መታጠፊያው ላይ እሷ ከአሸዋው ስለምትከብድ ጭራሽ አልተነሳም።

የቀረኝ የሳይድካሩ ጎማ ፍሬን ነው። አሁን ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ የሚስበው እሱ ስለሌለው ነው፣ አስፋልት ላይ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ማለት ነው፣ ስለዚህ እማዬን ስይዝ ከ40 አላልፍም። ጋሼ ከኋላ ፍሬን ፔዳል ጋር በሽቦ እናያይዘዋለን ይላል፣ እኔ ሽቦው እየተለጠጠ ሁለቱ እኩል አይዙም ብዬ ፈርቻለሁ፣ በዘይት የሚሰራ የባጃጅ ፍሬን ካገኘን እሱን መሞከር እፈልጋለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ የፍሬን ሸራውን ስፋትና ከየት እንዳስመጣችሁት ንገሩኝ፣ ከጥምቀት በፊት ልጨርሰው ነው ያሰብኩት።