ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ዛሬ ታኅሣሥ 10 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 19። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ይህ ቀን ሲመጣ ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኛል። የሞተብኝ ዘመድ ኖሮ አይደለም። በአካል የማላውቃቸው ስምንት ሰዎች ናቸው። ግን ማታ ላይ ንፋስ ሲበረታ ትዝ ይሉኛል።

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ ማውዝል የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1981 በዚህች ቀን ከመንደሯ ብዙም ሳይርቅ ዩኒየን ስታር የምትባል የጭነት መርከብ ሞተሯ ቆመ። ነዳጇ ውስጥ የባሕር ውሃ ገብቶ ነበር። አዲስ መርከብ ናት፤ ከኔዘርላንድ ወደ አየርላንድ የመጀመሪያ ጉዞዋን እያደረገች ነበር። ከተሳፈሩት 8 ሰዎች መካከል የካፒቴኑ ሚስትና ሁለት ልጆቿ ይገኙበታል። ገናን አብረው ለማሳለፍ ብለው ነው የወጡት።

ማዕበሉ እስከ 18 ሜትር ይነሣ ነበር ይባላል። ሄሊኮፕተር ደረሰ። ግን መርከቧ እንዲያ እየተንገላታች ገመድ አውርዶ ሰው ማንሣት አልተቻለም። የቀረው ጀልባ ብቻ ሆነ።

የመንደሯ የነፍስ አድን ጀልባ ሶሎሞን ብራውን ትባላለች። ከእንጨት የተሠራች፣ 14 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ናት። ሠራተኞቿ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዓሣ አጥማጅ አለ፣ የስልክ ቴክኒሻን አለ፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት አለ። ጥሪ ሲመጣ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። የዚያን ማታም ከሚያስፈልገው በላይ ሰው መጣ።

እኔ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምቆመው።

የጀልባዋ አዛዥ ትሬቬልያን ሪቻርድስ ከመጡት መካከል ሰባት ሰው መረጠ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር እየሮጠ ደርሷል። አዛዡ አባትየውን ወሰደ፤ ልጁን አስቀረው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ከአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ አልወስድም አለ። ጀልባዋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ባሕር ገባች።

አዛዡ ያን ሲወስን ምን ያህል ጊዜ ነበረው? ሰከንዶች። ሰው እየጮኸ፣ ንፋሱ ቃል እየነጠቀ። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ቆሞ የአንዲትን እናት ቤት አሰበ። ጀግንነታቸው ሲወራ ሁሉም ስለ ማዕበሉ ነው የሚያወራው። እኔን ግን ከማዕበሉ ይልቅ ይህቺ ውሳኔ ታስለቅሰኛለች።

ምክንያቱም ከዚያ በፊት የሆነ ነገር አለ። 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 17 ቀን 1969፣ በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች የሎንግሆፕ ነፍስ አድን ጀልባ ከነ 8 ሰዎቿ ጠፋች። ከስምንቱ ውስጥ አንድ አባት ከሁለት ወንድ ልጆቹ ጋር ነበር። ሌላም አባት ከሁለት ወንድ ልጆቹ ጋር። ሁለት ቤት፣ ስድስት ሰው። ሊረዷት የወጡላት አይሪን የተባለች መርከብ 17 ሰዎች ግን ከባሕሩ ዳር በተዘረጋ ገመድ ሁሉም ዳኑ።

በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ያለችው ራይ ሃርበር የምትባል መንደርም እንዲሁ ናት። በኖቬምበር 15 ቀን 1928 ሜሪ ስታንፎርድ የምትባለው ጀልባ 17 ሰዎች ይዛ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ተመለሱ የሚል ምልክት ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ የችግረኛዋ መርከብ ሰዎች በሌላ መርከብ ድነው ነበርና። በዚያ ዝናብና ማዕበል ውስጥ ምልክቱን አላዩትም። አንድም ሰው አልተመለሰም። እዚያም አባትና ሁለት ልጆቹ ነበሩ፤ ወንድማማቾችም ነበሩ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "በከንቱ ሞቱ" ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሲቀዝፉ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እየሰመጠ መሆኑን።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ሶሎሞን ብራውን መርከቧን ለመጠጋት ደጋግማ ሞከረች። አንዴማ ማዕበሉ አንሥቶ መርከቧ ላይ ወረወራት፤ ተንሸራታ ወደ ባሕሩ ተመለሰች። በመጨረሻ አራት ሰው አውጥተናል የሚል መልእክት በራዲዮ ተሰማ። አራት! ከዚያ ማዕበል ውስጥ። ወደ ቤት ለመዞር ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ያስፈልጋል? ግን መርከቧ ላይ የቀሩ ነበሩ፤ ለነሱ ብለው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ራዲዮው ጸጥ አለ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ደጋግሞ ቢጠራ መልስ የለም። ከሁለቱ ወገን 16 ሰው አለቀ። ከላይ ሆኖ ያየው የሄሊኮፕተሩ አብራሪ፣ በዕድሜው ካየው ድፍረት ሁሉ ትልቁ ይህ መሆኑን ጽፏል።

በአንድ ቀን ውስጥ ለአዲስ ጀልባ የሚበቃ ሰው ከዚያችው መንደር ስሙን አስመዘገበ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደግሜ አነበብኩት። አስከሬን ገና እየተፈለገ ነው እኮ።

ማውዝል በገና ሰሞን ወደቧን በመብራት ታስጌጣለች። ከሞቱት አንዱ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ መብራቱን ካበራ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ከአደጋው በኋላ መንደሩ ጨለመ። እንደገና ይብራ ብላ የጠየቀችው ሚስቱ ናት፤ ባሏ በሞተ በጥቂት ቀናት ውስጥ። ዛሬም በየዓመቱ በዚህ ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት መብራቶቹ ይጠፋሉ፤ መስቀሉና መላእክቱ ብቻ ይበራሉ። ሶሎሞን ብራውን የወጣችበት ቤትም በባሕሩ ዳር እንደነበረ ተጠብቆ ቆሟል። የነፍስ አድን ጣቢያው ግን ኒውሊን ወደምትባል ጎረቤት ወደብ ተዛውሯል።

ያ የ17 ዓመት ልጅ አድጎ የዚሁ ጣቢያ ጀልባ አዛዥ ሆነ። ጥሪ ሲመጣ ከሚሮጡት መካከል ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው እሱ ሆነ።