ያልተመለሰልኝ ጸሎት ልጄን አተረፈልኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ለመስጠት ስነሳ ከየት እንደምጀምር ቸግሮኝ ነበር። ከዛፉ ልጀምር።

ከጓሯችን አጥር ወዲያ የሰፈሩ የጎርፍ መውረጃ አለ። በበጋ የሚሄድበት ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ዳርና ዳሩን ቄጠማና ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። አንድ አሮጌ አኻያም ወደ ውሃው ዘንበል ብሎ ቆሟል። ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። ማታ ማታ የእንቁራሪቶቹ ጩኸት እንቅልፍ አይሰጥም።

እኔ ያንን ቦታ አልወደውም ነበር። ትንኝ ያመጣል፣ እባብ ይደበቅበታል እል ነበር። ጎረቤቶች "ተመንጥሮ ግራና ቀኙ በኮንክሪት ይሠራልን" የሚል ማመልከቻ ሲያዘጋጁ ቀድሜ ፈረምኩ። በጸሎት ቡድናችንም የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ዱር አንሳልን" ብዬ ለመንኩ። ምንም የለም። እውነቱን ልናገርና አኩርፌ ነበር። እንዴት ይህን ትንሽ ነገር ይከለክለኛል እያልኩ።

ያን ቀን እኛ ዘንድ ዝናብ ጠብ አላለም። በላይኛው ሰፈር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነጎድጓድ ከሩቅ ይሰማል፣ በቃ። የ9 ዓመቱ ልጄ ኳሱ አጥር ተሻግራ ወደቀችበትና ሊያመጣት ወረደ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ በዓይኔ እከታተለዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ቀና ስል ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ መጣ። ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ግን ጠልፎ ጣለው።

"ኢየሱስ!" አልኩ። ጸሎቴ ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ልጄ ሁለት ጊዜ ሰጥሞ ወጣ። አኻያው ጋ ሲደርስ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ደረቱን ያዘው። በሁለት እጁ ተጠመጠመበት። አጥሩን ዘልዬ ልገባ ስል አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ቀሚሴን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ። "አትግቢ ልጄ! ሁለታችሁንም ይወስዳችኋል!" አሉኝ። ገመድ አምጥተው ጫፉን ቋጥረው ወረወሩለት። በሦስተኛው ክንዱን ቋጠሮው ውስጥ አስገባና ወደ ዳር ጎተትነው።

ሐኪም አይቶት ደህና ነው ተባልን። ማታ እጁን ሳጥበው ጥፍሮቹ ስር የአኻያው ልጣጭ ተሰግስጎ አገኘሁ። ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቆረጥ ብዬ የለመንኩት ዛፍ ነው።

ከቀናት በኋላ አንድ መሐንዲስ መጥቶ መውረጃውን አየልን። ላይኛው ሰፈር ድሮ ሜዳ ነበር፤ አሁን ጣሪያና አስፋልት ሆኗል። ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ዝናብ አሁን ባንዴ ተሰብስቦ ይወርዳል። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ሳይዘንብ ጎርፍ የመጣው። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲሜትር ቢሆን እንኳ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል አለን። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኮንክሪት ደግሞ ልሙጥ ስለሆነ ውሃውን ያፈጥነዋል። ቄጠማውና ቁጥቋጦው ግን ያዘገየዋል፣ ሥሩም ዳሩን እንዳይናድ ይይዘዋል።

እኔ አሁንም ጠየቅኩት። ባለፈው ዓመት ውሃው ሞልቶ መንገዱ ላይ የወጣው በዚህ ዱር ምክንያት አይደለም ወይ? መንገዱ ስር ወዳለው ቱቦ ወሰደን። አፉ በፌስታልና በደረቅ ቅርንጫፍ ተደፍኗል። "ይሄን ነው ማጽዳት፤ ሕይወት ያለውን ተዉት። መከርከም ካለበትም ወፎቹ እንቁላል በማይጥሉበት ጊዜ ይሁን" አለ።

አንድ ነገር ግን ልበል። ልጇን ጎርፍ የወሰደባት እናት ይህን ብታነብ፣ የኔ ጸሎት ተሰማ፣ ያንቺ አልተሰማም ማለቴ አይደለም። እንዲህ የማለት ድፍረት የለኝም። እኔ የተደረገልኝን ብቻ ነው የምናገረው።

ፊርማዬን ከማመልከቻው አነሳሁ። ጎረቤቶቼን ቤት ለቤት እየዞርኩ የልጄን ነገር ነገርኳቸው፤ አብዛኞቹ ሰሙኝ። አዲስ ደብዳቤ ጻፍን፦ ዛፉና ቄጠማው ይቆይ፣ ቱቦው ከክረምት በፊት ይጠረግ። መልስ እስኪመጣ አልጠበቅንም። ባለፈው ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አካፋና ጓንት ይዘን ወረድን። ፌስታል፣ ጎማ፣ የተሰበረ ወንበር እያወጣን ቆየን።

ወደ መጨረሻው ላይ ከቱቦው አፍ ከጭቃው ውስጥ የልጄ ኳስ ወጣች። አኻያው ባይዘው ኖሮ እሱም የሚደርሰው እዚያው ነበር። ኳሷን ታቅፌ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ስሙ ይባረክ እያልኩ አለቀስኩ።