ፖለቲካን ከቅርብ

በመጪው ሴሚስተር ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አደርጋለሁ፤ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው ትልቁ ግቢ። ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ዋናውን ልትጀምሪ ነው» ይለኛል። በቅንነት ነው የሚሉኝ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር እዚሁ ታኮማ ፓርክ፣ በማታው ክፍል ከጀመረ ቆይቷል። ሳልረሳው ልጻፈው።

እኛ ቤት «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ሲባል ከልብ ነው። እናቴ በቀይ ሽብር ታላቅ ወንድሟን አጥታለች። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ ስለ እሱ ግን ብዙም አይወራም። ፖለቲካል ሳይንስ ልማር ነው ስላት ዝም አለችኝ። በነጋታው ቡና እያፈላች «ነርሲንጉስ?» አለች። ዲሲ አካባቢ ያለ የሐበሻ ልጅ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ሥራው አለ፣ ክፍያው ደህና ነው፣ የሚያስጠና ዘመድም አይጠፋም። ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አልተከራከርኳትም።

ያስማማን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ መሆኑ ነው። የካውንቲው፣ ከግዛቱ በታች ያለው አስተዳደር፣ ነዋሪ ከሌላው ያነሰ ነው የሚከፍለው። የአራት ዓመቱ ዲግሪ 120 ክሬዲት ይፈልጋል፤ ግማሹን፣ 60ውን፣ እዚህ መጨረስ ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የሚወሰዱት ኮርሶችም አብዛኞቹ ለየትኛውም ትምህርት የሚያገለግሉ ናቸው። ሐሳቤን ብቀይር ወደ ነርሲንግ መዞር እችላለሁ ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ልቧ ረጋ አለ። እኔም ቀን እየሠራሁ ማታ መማር ጀመርኩ።

«የአሜሪካ መንግሥት» በሚለው ኮርስ አጠገቤ የሚቀመጠው ካሜሩናዊ ነበር፤ የልጆች አባት፣ ከነሥራ ልብሱ የሚመጣ። ከፊቴ ገና ሃይስኩል እየተማሩ የኮሌጅ ክሬዲት የሚይዙ ልጆች ነበሩ። ከኋላዬ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ሴት። ስለ ፌዴራሊዝም ስንማር መምህራችን የዚሁ የሜሪላንድን ጉዳይ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። ሜሪላንድ ኮንግረስ ባቋቋመው ባንክ የባልቲሞር ቅርንጫፍ ላይ ግብር ልትጥል ፈለገች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አትችይም አላት። ካሜሩናዊው እጁን አወጣ። «እኛም ፌዴሬሽን ነበረን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሕዝበ ውሳኔ ቀረ» አለ። ታዲያ እዚህ የቆመው እዚያ ለምን አልቆመም? የቀረውን ሰዓት በሙሉ በዚህ ስንከራከር አመሸን። መምህሩ አላቋረጡንም። ከመጽሐፉ ውስጥ ያን ያህል የሚያስተምረኝ ምዕራፍ አላገኘሁም።

ለእኔ የተለወጠው የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ስለ አገር ሲወራ ነገሩ ሁሉ ማን ከማን ጋር ነው፣ ማን ማንን ከዳ ነው። ያንን ወሬ እወደዋለሁ፣ በእሱ ነው ያደግሁት። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይጠየቃል፦ ይህን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው? ከየት አገኘው? ልክ ባይሆን ማን ያርመዋል?

ለምሳሌ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ማን ነው? እዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ይህን ሥልጣን በግልጽ ጽፎ አልሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1803 ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል በአንድ የሹመት ክርክር ላይ በሰጡት ፍርድ ነው የጸናው። የባንኩንም ፍርድ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያን ማታ ቤት ገብቼ የኛን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ከፈትኩ። አንቀጽ 62፦ የመተርጎሙ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው። ፖለቲከኞች እንጂ ዳኞች አይደሉም። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር። ያኔ በቤታችን ሁላችንም ስለ ሰዎቹ ነበር የምናወራው። አንቀጹን ያነሳ አልነበረም። እኔ በግሌ የመጨረሻው ቃል የገለልተኛ ፍርድ ቤት ቢሆን እመርጣለሁ። ነገር ግን የምክር ቤቱን አሠራር የሚደግፉ ሰዎች ክርክርም ቀላል አይደለም፦ ቃል ኪዳኑን የገቡት ሕዝቦች ከሆኑ ተርጓሚዎቹም እነሱ ይሁኑ ይላሉ። ይህን በደንብ ማጥናት እፈልጋለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የቅርቡ ነገር ነው። እኛ የምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በሕግ ግን ከተማ አይደለም፤ የሚተዳደረው በካውንቲው አስተዳደር ነው። መንገድ ተሻግሮ ያለው ታኮማ ፓርክ ግን የራሱ ከንቲባና የራሱ ምክር ቤት አለው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜውን ወደ 16 አወረዱት።

አክስቴ ታኮማ ፓርክ ነው የምትኖረው፣ ግሪን ካርድ አላት። ይህን ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ዜግነቴን ልታበላሺብኝ ነው?» አለችኝ። ፍርሃቷ ትክክል ነው። የዜግነት ማመልከቻው ስለ ምርጫ ይጠይቃል፤ ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መሳተፍም ከባድ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ አብረን ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደን ጠየቅን። ምዝገባው ለከተማው ምርጫ ብቻ መሆኑን በደንብ አስረዷት። ተመዘገበች። ድምፅ የሚሰጠው ዕጩዎቹን በደረጃ በመጻፍ ነው፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ። ሰዎቹን አጣርታ፣ ስለ ቤት ኪራይ ምን እንዳሉ አስነብባኝ ነው የሄደችው። አገር ቤት ስትመርጥ ውጤቱ ቀድሞ ይታወቅ እንደነበር ነገረችኝ። እዚህ ማን እንደሚያሸንፍ እስኪነገር እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የትራንስፈሩን ነገርም በዚሁ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ብዙ ተማሪ የሚፈራው የለፋበት ክሬዲት እንዳይወድቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሪላንድ ሕግ አወጣች፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንድን ክሬዲት አልቀበልም ካለ ምክንያቱን ለተማሪውም ለኮሌጁም ማሳወቅ አለበት። ይህን ሕግ አንድ ሰው አስቦት፣ ጽፎት፣ በግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ ተከራክሮበት ነው የወጣው። ለማታ ተማሪ ሲባል! እኔ የምፈልገው ሥራ እንዲህ ያለው ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ «ተመርቀሽ ምን ትሆኛለሽ?» አለችኝ። የካውንቲው ምክር ቤት ውስጥ ሕግ ሲረቀቅ የሚያጠና ሰው መሆን እፈልጋለሁ አልኳት። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ ስነግራት አላመነችም። ሮክቪል ነው፣ ማክሰኞ ሥራ የላትም፣ አብረን እንሄዳለን።