አኩሪ አተር ለጭንቅላት ነው ሚሉት ነገር

ጎንደር ውስጥ ሰው ቦርጭ ሲያወጣ "ደላህ አይደል፣ ተመችቶሃል" ነው ሚባለው፣ ከሳ ካለ ደግሞ "ምን ነክቶህ ነው፣ አመመህ እንዴ" ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ይጨነቃል። አሁን አሁን ስኳርና ደም ግፊት በየቤቱ ስለገባ ሰው ቦርጩን በክፉ አይን ማየት ጀምሯል፣ ግን ቦርጭና ጭንቅላት ይገናኛሉ ብትሉ አብዛኛው ይስቅባችኋል። ይገናኛሉ እኮ። ካሊፎርኒያ ውስጥ 10,276 ሰዎች ከ40 እስከ 45 አመት እያሉ ተመርምረው ከዛ በአማካይ ለ27 አመት መዝገባቸው ሲታይ፣ ጎልማሳ እያሉ በጣም ወፍራም የነበሩት ሰዎች በኋላ የመርሳት በሽታ የመያዝ እድላቸው ክብደታቸው ደህና ከነበረው በ74 ከመቶ በልጦ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ነው። ውፍረቱ ራሱ ነው ያመጣው ለማለት አይበቃም፣ አብሮ መገኘቱን ነው ያሳየው፣ ግን ሚናቅ ነገር አይደለም።

ይሄን ያነሳሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ ስኳር አለባት፣ ወፈር ትላለች፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች መርሳት ከጀመረችም ቆየች፣ እና አንዱ ሻጭ የአኩሪ አተር ዱቄት በላስቲክ አሽጎ "ቦርጭ ያጠፋል፣ አእምሮ ያድሳል" ብሎ ገበያ ላይ ካለው እህል ስንት እጥፍ ዋጋ ሸጠላት። ባዮሎጂ ስለማስተምር ለቤተሰቡ ሀኪሙ እኔ ነኝ መሰለኝ፣ "ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ብሩስ ሄዷል፣ ይሰራል አይሰራም ብቻ በለኝ" አለችኝ። ቡናው ሶስተኛ እስኪደርስ ሳወራ ቆይቼ ግማሹን እንኳን አልጨረስኩም፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አኩሪ አተር ውስጥ አይዞፍላቮን ሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፣ ዋናዎቹ ጄኒስቲንና ዴይድዚን ናቸው። ቅርፃቸው ኢስትሮጅንን፣ ማለት የሴቷን ሆርሞን ስለሚመስል የሆርሞኑ መቀበያ ላይ ሄደው ይጣበቃሉ፣ በተለይ ቤታ ሚባለው መቀበያ ላይ፣ እሱ ደግሞ አእምሮ ውስጥም አለ፣ አዲስ ነገር ምንይዝበት ሂፖካምፐስ ሚባለው ክፍል ጭምር። ሽምብራም ባቄላም ጥራጥሬ ናቸው ግን በነዚህ ነገሮች መጠን ከአኩሪ አተር ጋር ጭራሽ አይወዳደሩም፣ ስለዚህ "እኛ እኮ ሽሮ በልተን ነው ያደግነው" የሚለው ፉከራ እዚህ ጋ አይሰራም፣ ሽሮው ላይ አኩሪ አተር ጨምራችሁ ካላስፈጫችሁ በስተቀር።

አሁን ወደ ስቡ እንምጣ። ሆድ አካባቢ የተጠራቀመ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም፣ ሰውነትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊንም ስራውን በደንብ እንዳይሰራ ያደርጋል፣ ኢንሱሊን ደግሞ የደም ስኳር ብቻ ሳይሆን አእምሮ ውስጥም የራሱ ስራ አለው። በዛ ላይ ማይክሮግሊያ ሚባሉ የአእምሮ ህዋሳት አሉ፣ የሰፈር ዘበኛ በሏቸው፣ ሌባ ሲመጣ መጮህ ነው ስራቸው፣ ስብ ሲበዛ ግን ሌባ ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ያድራሉ እና ነርቮቹ ይጎዳሉ። ሚገርመው ፍጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ላይ ስብ የበዛበት ምግብ የጀመሩ አይጦች ገና ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ፣ ምንም ሳይወፍሩ፣ ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ላይ የመቆጣት ምልክት ታይቶባቸዋል። ቦርጩ ሳይመጣ በፊት ማለት ነው!

እና ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ፣ አይጦቹን 60 ከመቶ ካሎሪው ከስብ የሆነ ምግብ እያበሉ ያወፍሯቸዋል፣ ከዛ ለግማሾቹ ጄኒስቲን ወይ ሌላ የአኩሪ አተር ንጥረ ነገር ይጨምሩላቸዋል። በርከት ያሉ እንደዚህ አይነት ስራዎች ላይ ንጥረ ነገሩን ያገኙት አይጦች ኢንሱሊናቸው የተሻለ ሲሰራ፣ አእምሯቸው ላይ ያለው የመቆጣት ምልክት ሲቀንስ፣ የማስታወስ ፈተናም ላይ ሲሻሉ ታይቷል። ፈተናው ራሱ አሪፍ ነው፣ አይጧን ደፍረስ ያለ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይጨምሯታል፣ ከውሃው ስር ማይታይ መቆሚያ አለ፣ ከዛ በየቀኑ ስንት ሰከንድ ፈጅቶባት መቆሚያውን እንደምታገኝ ይለካል። ያስታወሰች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ የረሳች ገንዳውን ስትዞር ትውላለች። ለአክስቴ ይሄን ስነግራት "ምስኪን፣ ቢጤዬ" አለች።

እስከዚህ ሻጩ ልክ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ቆይ ግን።

አንደኛ ነገር አይጥ ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዴይድዚንን ኢኩኦል ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይቀይሩታል፣ ኢኩኦል ደግሞ የኢስትሮጅን መቀበያው ላይ ከዴይድዚን በላይ ጠንካራ ነው። አይጦች በአጠቃላይ ይሄን ያመርታሉ። ሰው ላይ ግን እንደ ባክቴሪያው ነው፣ ከምዕራባውያን ከ100 ሰው ወደ 25 ወይ 30 ሚሆነው ነው ሚያመርተው፣ ጃፓኖች አካባቢ ወደ ግማሽና ከዛ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ማዕድ ላይ ቀርበን ከአንድ ሳህን ብንበላ እንኳን አክስቴና እኔ ያገኘነው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። መጠኑም ሌላ ጣጣ ነው፣ ለአይጥ ሚሰጠው ብዙ ጊዜ ነጥሮ የወጣ ንጥረ ነገር በክብደቷ ተሰልቶ ነው፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት በአጥሚት አይደለም።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ሚያልፈው ይመስለኛል። ላብራቶሪ ውስጥ ያለ አይጥ ሚበላው ተራ ምግብ ራሱ ብዙ ጊዜ አኩሪ አተር አለበት፣ ፕሮቲኑ ርካሽ ስለሆነ። ስብ የበዛበት ምግብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የተሰራ ነው፣ ፕሮቲኑ ከወተት የወጣው ኬሲን፣ ስቡ የአሳማ ስብ፣ አይዞፍላቮን የሚባል የለበትም። እና "ስብ የበላችው አይጥ አእምሮዋ ተጎዳ፣ ተራ ምግብ የበላችው ደህና ናት" ሲባል ስብ ስለበላች ነው ወይስ አኩሪ አተሩ ስለቀረባት? ሁለቱም ናቸው የተቀየሩት እኮ! ጥሩ ጥናት ሚባለው ሁለቱንም ምግብ ከስቡ በስተቀር በሁሉም ነገር አንድ አድርጎ ሚያነጻጽረው ነው፣ ግን ሁሉም እንደዛ አያደርግም። ተማሪዎቼ ማነጻጸሪያ ቡድን ምን ያደርጋል ብለው ሲጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሰው ላይስ? ኔዘርላንድስ ውስጥ እድሜያቸው ከ60 እስከ 75 የሆኑ 202 ሴቶች ለ1 አመት የአኩሪ አተር ፕሮቲን ወስደው የአእምሮ ፈተና ላይ ምንም ልዩነት አልተገኘም፣ እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ነው የወጣው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የወር አበባቸው የቆመ 350 ጤነኛ ሴቶች ለ2 አመት ተኩል በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ወስደው ጠቅላላ የማሰብ ችሎታቸው አልተሻሻለም፣ በአይን ያዩትን የማስታወስ ችሎታ ላይ ብቻ ትንሽ ለውጥ ነበር። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ሀዋይ ላይ እንደውም በተቃራኒው፣ ጎልማሳ እያሉ ቶፉ፣ ማለት ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ ሚረጋውን ምግብ፣ አብዝተው ይበሉ የነበሩ ወንዶች ሲያረጁ ፈተናው ላይ የባሰ ውጤት አምጥተዋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ተጽፎ ያኔ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ በሱ አልደነግጥም፣ ጎልማሳ እያሉ ምን እንደሚበሉ ጠይቆ ሲያረጁ ያየ እንጂ ቶፉ ሰጥቶ የሞከረ አይደለም፣ ግን "አእምሮ ያድሳል" ብሎ ላስቲክ ላይ ለመለጠፍ ከነዚህ አንዱም ፈቃድ አይሰጥም። ከነዚህ ሴቶች አብዛኞቹም እንደ አክስቴ ስኳር ያለባቸውና ወፍራም ተብለው የተመረጡ አልነበሩም፣ ስለዚህ የአይጡ ጥያቄ ሰው ላይ በደንብ ተጠይቋል ማለትም ይከብዳል።

ዘይቱን ሳልረሳ። አንዳንዱ የአኩሪ አተር ዘይት ገዝቶ ይሄን ሁሉ ጥቅም ያገኘ ይመስለዋል። አይዞፍላቮን ከፕሮቲኑ ጋር ነው ሚቀረው፣ የተጣራው ዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ለነገሩ እኛ ቤት ሲገዛ የኖረው ሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፣ ግማሽ ያህሉ ጠንካራው ስብ የሆነ። ሁዳዴ ላይ አንዳንድ ሰው ወፍሮ ሚወጣውም ለዚህ ነው፣ ቅቤና ሥጋ ቀረ ተብሎ ጠዋት ፓስቲ፣ ከሰአት ሳምቡሳ፣ ማታ የድንች ጥብስ ከሩዝ ጋር፣ ሁሉም ዘይት ውስጥ የዋኘ፣ ከዛ በላዩ ላይ አንድ ማንኪያ የአኩሪ አተር ዱቄት ለአእምሮ! አክስቴን እንዲህ ስላት ተቆጣች፣ "ጾሜን ነው ምትነካው" አለችኝ፣ አይ ጾሙን አልነካሁም፣ ፓስቲውን ነው።

ያም ሆኖ ጣይው አላልኳትም። በምግብነቱ ግሩም እህል ነው፣ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ለስኳር በሽተኛም ከነጭ ዳቦ እጅግ ይሻላል፣ ከፓዌ በኩል ሚመጣውን ፍሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ከታሸገው በብዙ ይረክሳል። ጥሬውን ግን እንዳትፈጩት፣ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ በደንብ እንዳይፈጭ ሚከለክል ነገር አለበት፣ በደንብ ሲቆላ ወይ ሲቀቀል ነው ሚጠፋው፣ ያ የሳር ሳር ሚለው ሽታም አብሮ ይቀንሳል። ከሽምብራና ከአተር ጋር ቀላቅላ ለሽሮ ልታስፈጨው ነው፣ እኔ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት እንደምወስደው ሳልጠየቅ ተወስኗል።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄያታለሁ፣ እናንተም ቤት ካለ ልብ በሉ። አዮዲን በሚያንሰው ሰው ላይ አይዞፍላቮን የታይሮይድ እጢን ስራ ሊያዳክም ይችላል፣ እኛ ደገኞች ደግሞ እንቅርት ለምን እንደሚበዛብን እናውቃለን፣ ስለዚህ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበትን ግዙ፣ ክዳን ያለው እቃ ውስጥም አስቀምጡት። ታይሮይዱ ከደከመ ራሱ ያስረሳል፣ ያደነዝዛል፣ ለአእምሮ ብለው ወስደው መልሰው እዛው። የታይሮይድ ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን ሚባለውን ሚወስድ ሰው ደግሞ አኩሪ አተር ኪኒኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ በሰአታት አራርቆ ነው መውሰድ ያለበት፣ ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፣ ለአክስቴም አልነገራትም፣ ጎረቤቷ ኪኒኑን ከአጥሚቱ ጋር ነበር ጠዋት ጠዋት ምትውጠው።